አንድ መጽሐፍ፣ መቶ ጆሮ፦ አስቂኝ ታሪክ ለታችኛው ክፍል ተማሪዎች እንዴት ይነበባል?

የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም ትርፍ የለውም። ሃምሳውም ባንድ ድምፅ «አዎ!» ይላሉ፤ ያልገባው ደግሞ ከሁሉም አስበልጦ ይጮኻል። ሲያነቡላቸው የሚስቁት ሳቅ ግን እንዲህ በቀላሉ አይዋሽም። የሰባት ዓመት ልጅ በትክክለኛው ቦታ ላይ ከሳቀ ቃላቱን ሰምቷል፣ ቀደም ሲል የሆነውን አስታውሷል፣ ይሆናል ብሎ የጠበቀውንና የሆነውን አስተያይቷል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ባንድ ጥያቄ የሚለካ የፈተና ወረቀት አላውቅም።

ስለዚህ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል የሚያስተምሩ ከሆነ፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አንድ አስቂኝ ባለምዕራፍ መጽሐፍ ይዘው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲዘልቁ እመክራለሁ። ተረት ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። ባለምዕራፍ መጽሐፍ ግን ዛሬ ካቆመበት ነገ ይቀጥላል፤ ልጁ ታሪኩን ይዞ ወደ ቤት መሄድ፣ ይዞ ማደርና ይዞ መመለስ አለበት። በኋላ ራሱ ለሚያነበው ረጅም ጽሑፍ ሁሉ ይህ ልማድ ያስፈልገዋል፤ አስቂኝ ሲሆን ደግሞ ይዞት የሚያድርበት ምክንያት ያገኛል።

መጽሐፉን መምረጥ

እዚህ ምሳሌ የማደርገው አሜሪካዊቷ ሩት ስታይልስ ጋኔት የጻፈችውን «የአባቴ ዘንዶ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ታትሞ በዓመቱ የኒውቤሪ የክብር ሽልማት አግኝቷል፤ ሥዕሎቹን የሣለችው የደራሲዋ እንጀራ እናት ሩት ክሪስማን ጋኔት ናት። ታሪኩ አጭር ነው። ኤልመር ኤሌቬተር የሚባል ልጅ ከአንዲት አሮጊት የጎዳና ድመት ወሬ ይሰማል። በዱር ደሴት የሚኖሩ አውሬዎች አንድ የዘንዶ ግልገል በገመድ አስረው ወንዝ መሻገሪያ አድርገውታል። ኤልመር ግልገሉን ሊያስፈታ ከቤቱ ይጠፋል። መንገድ ላይ የሚገጥሙትን አውሬዎች የሚያልፋቸው በማስቲካ፣ በማበጠሪያና በጥርስ ብሩሽ ነው።

ይህን መጽሐፍ የመረጥኩት ለታችኛው ክፍል ስለሚመች ነው። ምዕራፎቹ አሥር ብቻ ናቸው፤ አንዱም በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ተነቦ ለጥያቄና ለጨዋታ ጊዜ ይተርፋል። በሳምንት ሁለት ምዕራፍ ቢያነቡ በአምስት ሳምንት ይጨርሳሉ። ጉልበተኛው በብልሃት የሚሸነፍበት ታሪክ ደግሞ ለልጆቻችን አዲስ አይደለም፤ የጦጣን ተረት ሰምቶ ያደገ ልጅ የኤልመርን መንገድ ከመጀመሪያው ያውቀዋል።

ሌላ መጽሐፍ ካለዎት በእሱ ይሥሩ። መጀመሪያ ግን የሚሳቀው በማን ላይ እንደሆነ ይመልከቱ። በዓይነ ስውርነት፣ በመንተባተብ፣ በድህነት ወይም በትውልድ ቦታ የሚያስቅ ታሪክ በክፍልዎ ውስጥ አንድ ልጅ ላይ ማረፉ አይቀርም፤ ከዕረፍት መልስ ቅጽል ስም ሆኖ ይጠብቅዎታል። ከአያቶቻችን በቃል የተቀበልናቸው ተረቶች ውስጥም እንዲህ ያሉ ስላሉ፣ የኛ ናቸው ብለን ሳናጣራ አንለፋቸው። በኤልመር ታሪክ የሚሳቀው በነብሩ፣ በአንበሳውና በጎሪላው ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ደግሞ አንበሳ የለም።

ክፍል ከመግባትዎ በፊት

መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ያንብቡት፤ አንዴ ለራስዎ፣ አንዴ እርሳስ ይዘው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ልጆቹ ፊት ቆመው ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር እየተረጎሙ እሄዳለሁ ብለው አያስቡ። መምህሩ ቃል ሲፈልግ ልጆቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ቀልዱም አብሮ ይቀዘቅዛል። ይልቁንስ ማታ ቤትዎ ሆነው ምዕራፉን በራስዎ አማርኛ ደብተር ላይ ይጻፉት። ሁለት ገጽ ይበቃል። የቦታ ገለጻውን ማሳጠር ይችላሉ፤ ንግግሮቹንና ዝርዝሮቹን ግን አይቁረጡ። የዚህ መጽሐፍ ጨው ያለው እነሱ ላይ ነው።

የሚያስቀውን ዐረፍተ ነገር ደግሞ በቃልዎ ይያዙት። ያን ጊዜ ዓይንዎ ደብተሩ ላይ ሳይሆን ልጆቹ ላይ መሆን አለበት። ሲጽፉት የሚያስገርመው ነገር መጨረሻ ላይ እንዲመጣ አድርገው ያሰናዱት። «ኤልመር ማበጠሪያ ከሻንጣው አውጥቶ ለአንበሳው ሰጠው» ቢሉ፣ ማበጠሪያው መሐል ላይ ተቀብሮ ይቀራል። «ኤልመር እጁን ወደ ሻንጣው ሰደደ። ለአንበሳው ምን ቢያወጣለት ጥሩ ነው? ማበጠሪያ!» ቢሉ ግን ልጁ ለመሳቅ ጊዜ ያገኛል። ጥሩ ተረት ነጋሪ ሁሉ ይህን ሳያስበው ያደርገዋል፤ ደብተር ስንይዝ ነው የሚጠፋን።

የዕቃዎቹን ስም ልጆቹ ሱቅ ሲላኩ በሚጠሩበት ስም ይጥሩ፦ ማስቲካ፣ ሎሊፖፕ፣ ላስቲክ፣ ሪባን፣ ጆንያ፣ ሰንጢ። ባሕር ማዶነቱን ግን አያጥፉት። ኤልመርን ማሞ ማድረግ፣ በለውዝ ቅቤና በማርማላታ የተቀባውን ሳንዱች ወደ ፍርፍር መቀየር የሚፈልጉ መምህራን አሉ። እኔ አልስማማም። ልጆች የሩቅ አገር ምግብ መስማት ይወዳሉ፤ «እሱ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?» የሚለው ጥያቄያቸው ራሱ ትምህርት ነው።

በመጨረሻ ስለ ድምፅ ያስቡ። ሃምሳ ልጅ ሲስቅ ከግድግዳው ወዲያ ያለው መምህር ይረበሻል። ስለዚህ ቀድመው ለጎረቤት መምህርና ለርዕሰ መምህሩ ይንገሩ። ከተቻለ የቀኑን የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ይምረጡ። በትምህርት ዕቅድዎ የዓላማ ረድፍ ላይ «አዳምጦ መረዳት፣ መገመት፣ ቅደም ተከተል መናገር» ብለው ይጻፉ። ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ ክፍሉ የሚስቀው ለምን እንደሆነ ወረቀቱ ይመልስልዎታል።

ሳቁን ለማቆምም ከልጆቹ ጋር አንድ ምልክት ይስማሙ። መጽሐፉን ጣትዎን ገጹ መሐል አድርገው ሲዘጉት ሁሉም ዝም ይላል፤ ሲከፍቱት ይቀጥላል። ጠረጴዛ አይደብድቡ፣ አርጩሜም አያንሡ። ሳቁን በቁጣ የሚያቋርጡት ከሆነ የገባው ልጅ ሳቁን መደበቅ ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደ ተከተለዎት የሚያውቁበት መንገድ የለም።

የመጀመሪያው ቀን

ተራኪው ኤልመርን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚጠራው «አባቴ» እያለ ነው። «አባቴ ልጅ ሳለ አንድ ዝናባማ ቀን ድመት አገኘ» ብለው ሲጀምሩ፣ ልጆቹ የሚያወሩት ስለ ራስዎ አባት ይመስላቸዋል። አንዱ መጠየቁ አይቀርም፦ «ቲቸር፣ የእርስዎ አባት ነው?» ቶሎ አይመልሱለት። «የሚያወራው ማን ይመስላችኋል?» ብለው ጥያቄውን ለክፍሉ ይመልሱት። በላይኛው ክፍል ተራኪ፣ አንጻር፣ መደብ እየተባለ ጥቁር ሰሌዳ ሙሉ የሚጻፍበት ትምህርት እዚህ ያለ ማብራሪያ ይጀመራል። ክርክሩ ሁለት ሦስት ምዕራፍ ቢቆይም አይጨነቁ። አባቱ ሲያወራው የሰማ ልጅ እንደሆነ አንዷ ወይም አንዱ ደርሶበት ይነግርዎታል።

ከዚህ የሚወጣ የቤት ሥራም አለ። እያንዳንዱ ልጅ ቤት ያለ አንድ ትልቅ ሰው ልጅ ሳለ የገጠመውን የሚያስቅ ነገር ጠይቆ ይምጣ። «አባታችሁን ጠይቁ» አይበሉ፤ አባት የሌለው ልጅ አለ። «ቤት ያለ ትልቅ ሰው» በቂ ነው። በማግስቱ አምስት ልጆች ይናገሩ። ሃምሳውን ለማዳረስ መሞከር ታሪኩን ይገድለዋል፤ የቀሩት በሚቀጥሉት ቀናት ተራ ይደርሳቸዋል።

አከፋፈቱንና መዝጊያውን ከራሳችን ይውሰዱ። በየቀኑ «ተረት ተረት» ብለው ይጀምሩ፣ እነሱም «የላም በረት» ብለው ይመልሱ። «ተረቴን መልሱ» የሚለውን መዝጊያ ግን እስከ አሥረኛው ምዕራፍ አይበሉት። ልጆች ይህን መዝጊያ ከቤት ስለሚያውቁት መቅረቱ ወዲያው ይሰማቸዋል። «ቲቸር፣ ተረቱን አልመለሱም!» ሲሉዎት «ገና አላለቀም» ይበሉ። ታሪክ እንደሚያድር የሚያስረዳ ከዚህ የቀለለ ዘዴ አላገኘሁም።

ሻንጣው

ለመምህር ትልቁ ስጦታ ያለው ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ኤልመር ከመሄዱ በፊት ሻንጣውን ይሞላል፦ ማስቲካ፣ 24 ሮዝ ሎሊፖፕ፣ አንድ እሽግ ላስቲክ፣ ጥቁር የላስቲክ ቦት ጫማ፣ ኮምፓስ፣ የጥርስ ብሩሽና የጥርስ ሳሙና፣ 6 ማጉያ መነጽር፣ በጣም የተሳለ ሰንጢ፣ ማበጠሪያና የጸጉር ብሩሽ፣ ቀለማቸው የተለያየ 7 ሪባን፣ «ክራንቤሪ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ባዶ ጆንያ፣ ንጹሕ ልብስ፣ ለስንቅ ደግሞ በለውዝ ቅቤና በማርማላታ የተቀባ 25 ሳንዱችና 6 ፖም። የፖሙ ቁጥር ስድስት የሆነው ቤት ውስጥ ያገኘው ያን ያህል ስለሆነ ብቻ ነው።

ዝርዝሩን ቀስ ብለው፣ ፊትዎን ኮስተር አድርገው ያንብቡት። እርስዎ ከሳቁ እነሱ የሚስቁት በእርስዎ ነው። የሀብት ቆጠራ እንደሚያነብ ሰው ሆነው ሲያነቡት ግን ሎሊፖፑ ላይ አንዱ ይፈነዳል፤ ሪባኑ ላይ ግማሹ ክፍል ይከተላል።

ከዚያ ዝርዝሩን በትልቅ ወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፤ እስከ መጨረሻው ቀን ይቆያል። አንዱ ዕቃ ሥራ ላይ በዋለ ቁጥር አንድ ልጅ ወጥቶ ይሰርዘዋል። ለአሁኑ ግን ጥያቄው «ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልገዋል?» ነው። ሪባን አውሬ ፊት ምን ይሠራል? ጥንድ ጥንድ ሆነው ዴስካቸው ላይ ለአንድ ደቂቃ ይነጋገሩ፤ ግምታቸውንም ከዝርዝሩ ጎን በአጭሩ ይጻፉላቸው። «ሪባኑን የነብር አፍ ማሰሪያ ያደርገዋል» ቢሉ ይጻፉት። ትክክል ነው፣ ስሕተት ነው አይበሉ፤ መጽሐፉ ራሱ ይፈርዳል።

ሻንጣውን በእውነተኛ ዕቃ ቢያመጡት ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። ማበጠሪያ፣ ሪባን፣ ላስቲክና ማስቲካ ከሰፈር ሱቅ በጥቂት ብር ይገኛሉ። ማጉያ መነጽር ከሳይንስ ክፍሉ ይዋሱ፤ አብዛኞቹ ልጆች አይተውት ስለማያውቁ ሳያሳዩ ቢያነቡት ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ ቀልዱ ያመልጣቸዋል። ሰንጢውን ቤት ይተዉት። ሎሊፖፕም ለሃምሳ ልጅ ካልገዙ አንድ እንኳ ይዘው አይግቡ።

አንደኛ ክፍል የሚያስተምሩ ከሆነ ዝርዝሩ የፊደል ትምህርትም ነው። ማስቲካ፣ ማበጠሪያ፣ ማጉያ መነጽር፤ ሦስቱም በ«ማ» ይጀምራሉ። ላስቲክና ሎሊፖፕ የ«ለ» ቤት ልጆች ናቸው። በየቀኑ የሚታይና በየቀኑ የሚያስቅ ቃል ቶሎ ይነበባል። ለሦስተኛ ክፍል ደግሞ ሒሳብ አለበት፦ ኤልመር በመርከቡ ሆድ ውስጥ ተደብቆ ስድስት ቀንና ስድስት ሌሊት ይቆያል። በቀን አራት ሳንዱች ቢበላ ከ25ቱ ስንት ይተርፈዋል? የተረፈው አንድ ሳንዱች ምን እንደሚሆን የሚያቀርቡትን ሐሳብ አይዝለሉት፤ ከማካፈሉ ይበልጥ ያወራቸዋል።

አይጧና ምላሷ

አራተኛው ምዕራፍ ላይ አንዲት አይጥ የኤልመርን ሻንጣ እየዳሰሰች ድንጋይ ይመስላታል። አይጧ በተናገረች ቁጥር የቃላቷ የመጀመሪያ ድምፆች ቦታ ይለዋወጡባታል፤ ወዲያው «ማለቴ» ብላ ታስተካክላለች። የእንግሊዝኛውን ትተው የራስዎን ይፍጠሩ፦ «ምን ያለ ድንሽ ትንጋይ ነው! ማለቴ፣ ትንሽ ድንጋይ!» በቀጭን የአይጥ ድምፅ ይበሉት።

እዚህ ቦታ ላይ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢያጠፉ አልፈርድብዎትም። ይህ ቀልድ ልጁን የሚያሠራው ሥራ ንባብ የቆመበት ነው፤ የቃሉን የመጀመሪያ ድምፅ ከቀሪው መለየት፣ በጆሮ መያዝ፣ ሌላ ቃል ላይ መግጠም። የእኛ ፊደል ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። በሰሌዳው ላይ «ጥቁር ሰሌዳ» ብለው ይጻፉ፤ «ጥ»ንና «ሰ»ን በጠመኔ ያክብቡ፤ በቀስት ያሻግሯቸው። «ሰቁር ጥሌዳ!» ክፍሉ ይናጋል። ቀጥለው «ነጭ ጠመኔ» ወደ «ጠጭ ነመኔ»፣ «ቡና ቁርስ» ወደ «ቁና ቡርስ» ይሂድ። ከአራት አምስት ምሳሌ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው ከክፍሉ ውስጥ ዕቃ እየፈለጉ ይሠራሉ። ማንበብ ያልጀመረው ልጅ በአፉ ብቻ ይለዋውጥ፤ የጀመረው ደብተሩ ላይ ይጻፍ።

ጥንዶቹን ግን ቤት ሞክረዋቸው ይምጡ። አንዳንድ ቃላት ሲለዋወጡ ነውር ይወጣቸዋል፣ ልጆች ደግሞ ያን ለማግኘት ከእርስዎ ይፈጥናሉ። ስምም አደገኛ ነው። አበበ ከበደ የሚባል ተማሪ ካለ «ከበበ አበደ» ይሆንና ልጁ ዓመቱን ሙሉ አበደ ሲባል ይኖራል። በስም መጫወት ከፈለጉ በራስዎ ስም ይጀምሩ፤ ከዚያ ወዲያ ፈቃደኛ የሆነ ብቻ፣ እሱም የራሱን።

ከነብሩ እስከ አዞው

ከአምስተኛው እስከ ዘጠነኛው ምዕራፍ ታሪኩ አንድ ዓይነት አካሄድ አለው። አውሬ ይመጣል፣ ይቆጣል፣ ብሶቱን ይናገራል፣ ኤልመር ሻንጣውን ይከፍታል። ነብሮቹን በማስቲካ ያታልላቸዋል፤ ስታኝኩት ቆይቶ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከዚያ ብትተክሉት ሌላ ማስቲካ ያበቅላል ይላቸዋል። አውራሪሱ ቀንዱ ስለ ወየበበት የጥርስ ብሩሽና ሳሙና ያገኛል። አንበሳው ጎፈሩ በእሾህ ተተብትቦ እናቱ ፊት መቅረብ አፍሯል። ጎሪላው ቁንጫ ይዞታል። አዞዎቹ ሎሊፖፕ ይደርሳቸዋል።

ሁልጊዜ ኤልመር ሻንጣውን ሲከፍት ያቁሙ። ልጆቹ ግድግዳው ላይ ያለውን ዝርዝር አይተው ዕቃውን ይምረጡ። በነብሮቹ ጊዜ ዝም ብለው ይገምታሉ። በአንበሳው ጊዜ ግን «ጸጉሩ ተተብትቧል፣ ስለዚህ ማበጠሪያ» ማለት ይጀምራሉ። ያቺ «ስለዚህ» የምትለዋ የመጣችበትን ቀን ምልክት ያድርጉባት። ጠዋት እናቷ ሹሩባ ስትሠራት ያለቀሰች ልጅ ካለች ስለ አንበሳው ከመጽሐፉ የተሻለ ትነግርዎታለች፤ ዕድሉን ይስጧት።

ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ ስድስት ትንንሽ ዝንጀሮዎች የጎሪላውን ቁንጫ ሊፈልጉለት ሲመጡ፣ «ማጉያ መነጽሩ ስንት ነበር?» ብለው ይጠይቁና ይጠብቁ። አንዱ ዝርዝሩን አይቶ «ስድስት!» ሲል የሚመጣው ሳቅ ቁጥሮቹ ስለ ገጠሙ ብቻ የሚመጣ ሳቅ ነው።

የነብሮቹ ማስቲካ አንድ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። አንደኛ ክፍል ውስጥ አንድ ሁለት ልጅ ማስቲካ ተክሎ ውኃ ማጠጣቱ አይቀርም። አያርሙት። በሳምንቱ ምን እንደ ሆነ ይጠይቁት፤ ኤልመር ነብሮቹን እንዴት እንዳታለላቸው የገባው ያን ቀን ነው።

ሳቁን ማንበብ

ሲያነቡ የሚሰሙት ሳቅ አንድ ዓይነት አይደለም። ቃሉ ከአፍዎ እንደ ወጣ የሚስቅ አለ፤ ገብቶታል። ጎረቤቱን አይቶ ዘግየት ብሎ የሚስቅ አለ፤ እሱ የሚከተለው ጓደኛውን ነው። ገና ሳይናገሩት የሚስቅም አለ። እሱ ደርሶበታል፤ ለሌሎቹ እንዳይናገርባቸው በዓይንዎ ይያዙት። የማይስቅም አለ።

በቀን አምስት ልጆችን ብቻ ይምረጡና ይመልከቷቸው፤ ከክፍል ሲወጡ የስም ዝርዝሩ ላይ ትንሽ ምልክት ያድርጉ። በአሥሩ ምዕራፍ ውስጥ ሃምሳው ይዳረሳል። ደጋግሞ የሚዘገይ ወይም ዝም የሚል ልጅ ካለ ሰነፍ ነው ብለው አይደምድሙ። ጥግ ተቀምጦ ድምፅዎ ላይደርሰው ይችላል፤ ጆሮው ሊያመው ይችላል፤ ቤቱ የሚነገረው ቋንቋ ሌላ ሊሆን ይችላል። ወደ ፊት አምጥተው ያስቀምጡት። ቋንቋው ከሆነ ደግሞ አንድ የቋንቋው ጓደኛ ምዕራፉን ቀድሞ ይንገረው፤ ታሪኩን አስቀድሞ ያወቀ ልጅ ቃላቱን ለመያዝ ጊዜ ያገኛል።

ይህን ምልክት ወደ ተከታታይ ምዘና ነጥብ አይቀይሩት። ሳቅ ነጥብ እንዳለው ልጆቹ ካወቁ ሁሉም ይስቃል።

ማንም ሳይስቅ ቢቀርስ? ቀልዱን አያብራሩ። ዐረፍተ ነገሩን አንድ ጊዜ ደግመው፣ ረጋ ብለው ያንብቡት፤ አሁንም ካልሠራ ይለፉ። ማታ ደብተርዎን ይዩ። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው የሚያስገርመውን ቃል ባስቀመጥንበት ቦታ ላይ ነው።

ልጆቹ ሲጽፉ

ከስምንተኛው ምዕራፍ በኋላ የራሳቸውን ምዕራፍ ይጻፉ። ኤልመር በዱር ደሴት ላይ አንድ ሌላ አውሬ ይገጥመዋል፤ አውሬውን እነሱ ይመርጣሉ። ጅብ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ቀይ ቀበሮ ወይም ጉማሬ ሊሆን ይችላል። ሦስት ነገር ይወስኑ፦ አውሬው ምን አስቆጣው? ብሶቱ ምንድን ነው? ከሻንጣው የሚወጣለት አዲስ ዕቃ ምንድን ነው? አምስት አምስት ሆነው በቡድን ይሥሩ፤ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ይሥላል፣ የቀሩት ይከራከራሉ። አንድ ወረቀት ሁለት ጊዜ ቢታጠፍ መጽሐፍ ይሆናል። አንደኛ ክፍሎች አውሬውን ሥለው ከሥሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ።

ሲያርሙ የፊደል ግድፈቱን ከሁሉ በፊት አያንሡ። መጀመሪያ ጮክ ብለው ለክፍሉ ያንብቡላቸው። ጅቡ በቀን መውጣት ያፍራል ብለው ጥቁር መነጽር የሰጡት እንደሆነ፣ የአውሬ ብሶት ገብቷቸዋል። ቀዩ እስክሪብቶ ነገም ይደርሳል።

ካርታውንም አይርሱ። በመጽሐፉ ውስጥ የመንደሪን ደሴቷ ታንጀሪናና የዱር ደሴት ያሉበት ካርታ አለ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሣሉት፣ ኤልመር የደረሰበትን በየቀኑ አንድ ልጅ በጠመኔ ያስቀጥል። ግቢው ሰፊ ከሆነ መሬት ላይ ይሣሉትና ልጆቹ በደሴቶቹ መሐል ካሉት አለቶች ከአንዱ ወደ አንዱ ይዝለሉ፤ ከአለቶቹ አንዱ የተኛ ዓሣ ነባሪ መሆኑን አይርሱ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎች

ዘጠነኛውንና አሥረኛውን በተከታታይ ቀን ያንብቡ፤ በመሐል ቅዳሜና እሁድ እንዳይገባ። ዘጠነኛው ላይ ኤልመር ሎሊፖፑን በላስቲክ ከአዞ ጭራ ጋር ያስራል፤ ከኋላ ያለው አዞ የፊተኛውን ሎሊፖፕ ሲልስ ሰልፉ ድልድይ ይሆናል። ይህን ከማንበብ ይልቅ ያሠሩት። ስድስት ልጆች በሰልፍ ይቁሙ፣ አንዱ ኤልመር ይሁን፣ የሎሊፖፑን ነገር በጠመኔ ያስመስሉት። ተሻጋሪው የማንንም ትከሻ እንዳይረግጥ ከጎን ይራመድ።

አሥረኛው አጭርና ፈጣን ነው። ኤልመር በሰንጢው ገመዱን ይቆርጣል፣ በግልገሉ ጀርባ ላይ ይወጣል፣ ይበራሉ። ሳያቋርጡ ያንብቡት፤ ጥያቄም አይጠይቁ። ሲጨርሱ መዝጊያውን ይበሉ፣ ክፍሉም ይመልስ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዝርዝር ይሂዱ። ያልተሰረዘ ዕቃ ካለ ለምን እንዳልተሰረዘ ይከራከሩ። «ረስቶት ነው» ያለና «ለመመለሻው ነው» ያለ ካሉ ሁለቱም ከመጽሐፉ ማስረጃ ያምጡ፤ እርስዎ ደግሞ ገጹን ፈልገው ያንብቡላቸው።

አገር ውጭ ላላችሁ

ቅዳሜና እሁድ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ወይም በማኅበረሰብ ማዕከል አማርኛ የምታስተምሩ፣ ለእናንተ መንገዱ ይገለበጣል። በአሜሪካ ያሉ ልጆች መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ራሳቸው ማንበብ ይችላሉ፤ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ፈልጉት። ስለዚህ ምዕራፉን ቤት አንብበው ይምጡና በአማርኛ ለአያታቸው እንደሚነግሩ ሆነው ይንገሩ። ታሪኩን ስለሚያውቁት የሚጎድላቸው ቃሉ ብቻ ነው፤ «ሪበን» ያሉትን «ሪባን»፣ «ክሮኮዳይል» ያሉትን «አዞ» ብላችሁ አቀብሏቸውና ንግግራቸውን አታቋርጡ። የአይጧን ጨዋታ ግን ሙሉ በሙሉ በአማርኛ አድርጉት። ፊደል አሰልቺ ነው የሚል የዘጠኝ ዓመት ልጅ «ሰቁር ጥሌዳ» ለመጻፍ ሲል ሁለቱን ፊደላት ያጠናል።

ልጆቹ ሌላ ሲጠይቁ

ይጠይቃሉ። ደራሲዋ ሁለት ተከታይ መጻሕፍት አሏት፦ «ኤልመርና ዘንዶው» እ.ኤ.አ. በ1950፣ «የብሉላንድ ዘንዶዎች» በ1951 ታትመዋል። ወዲያው አይጀምሯቸው። መሐል ላይ አንድ ወር ልጆቹ የጻፏቸውን ምዕራፎች እየተቀባበሉ ያንብቡ። እያንዳንዱን መጽሐፍ ቁጥር ይስጡት፤ በካርቶን ሣጥን አድርገው የክፍል አለቃው ማን እንደ ወሰደና መቼ እንደ መለሰ በደብተር ይመዝግብ። ወረቀቱ ቶሎ ስለሚቀደድ ጫፉን አስቀድመው በፕላስተር ይለጥፉት። አንድ ቡድን ሁለተኛ ምዕራፍ ልጻፍ ካለ ወረቀት ይስጡት፤ የሚጽፍበትን ሰዓት ግን ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ አይቁረጡለት።